ሞተረኛው ያመጣው ፋሽን

ባለቤቴን የብስክሌት ክለቡ ውስጥ «ሚዛን» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሚያሠለጥናቸው ልጆች ለማሾፍ ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። የቁልቁለት ብስክሌት አሠልጣኝ በነበረባቸው ዓመታት የወጥ ቤቴን ሚዛን አንድ ቀን እንኳ ቦታው ላይ አግኝቼው አላውቅም። ዱቄት ልመዝን ስፈልገው ጋራዥ ውስጥ ፔዳል ተሸክሞ አገኘዋለሁ። ሰውዬው ቡሎን ይመዝናል፣ ካቴና ይመዝናል፣ የውሃ ኮዳ ክዳን ሳይቀር ይመዝናል። ብስክሌቱ ከቀለለ፣ ልብሱ ከጠበበ፣ ነፋሱ የሚጨብጠው ነገር ካጣ፣ የቀረውን ተራራው ራሱ ይሠራልሃል ባይ ነው። አንድ ጊዜ «ቁልቁል የሚወርድ ነገር ከበድ ቢል አይሻልም?» ብዬ ብጠይቀው ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የክለቡን የውድድር ልብስ የምሰፋው እኔ ነበርኩ፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነውን። የሚለጠጥ ጨርቅ መስፋት ቀላል የሚመስለው ካለ መጥቶ ይሞክረው። ሲስቡት ይሸበሸባል፣ ሲለቁት ይጠማዘዛል፤ ክሩ አብሮ ካልተለጠጠ ደግሞ ለባሹ ኮርቻ ላይ ጉብ ሲል ከኋላው ጧ ይላል። አንድ ጊዜ ብሏል። ያለውም በክለቡ ሊቀመንበር ላይ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ነው፣ «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብሎ ለብሶት። እስከ ዛሬ ጥርሴን ሲያክመኝ ትንሽ በኃይል ይመስለኛል።

ልጃችን በዚህ ልብስና በዚያ ሚዛን መሀል ነው ያደገችው። አባትየው አሠለጠናት፤ እሷም ከክለቡ ሴቶች ከአንዲት በቀር የሚስተካከላት ጠፋ። ቁርስ ላይ አባትና ልጅ የሚያወሩት ስለ ፍሬን ነው። የትኛው ድንጋይ ጋ እንደሚያዝ፣ የትኛው ጋ እንደሚለቀቅ፣ በእጃቸው አየር ላይ ተራራ እየሳሉ ይከራከራሉ። እኔ «ዳቦ ጨምሩ» ስል ሁለቱም ቋንቋቸውን እንደማይችል እንግዳ ያዩኛል። እቀና ነበር፤ መቅናቴን አልደብቅም። ግን ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር።

ከዚያ ሞተረኛው መጣ።

በጭቃ ሜዳ የሞተር ውድድር ስም ያለው ሰው ነበር። ሜዳው መጋዘን ሲሠራበት ሥራ ፈታና አንድ ቀን ብስክሌት ገፍቶ ወደ እኛ ኮረብታ ብቅ አለ። ብስክሌቱን ባለቤቴ ሊያነሳው ሞክሮ ወገቡን ያዘ። ሱሪው ሁለት ሰው ያስገባል። ሌሎቹ ጡንቻቸውን እያፍታቱ ሳለ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። ባለቤቴ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ «ይኼ ሰው ዛሬ መሳቂያ ይሆናል» ማለቱ ነው።

ሰውየው ፔዳሉ ላይ ቆሞ ወረደ። ሌሎቹ ዞረው የሚያልፉትን ቋጥኝ እሱ በላዩ ዘለለው። ታች ሲደርስ ሰዓት ያዦቹ ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው መታ መታ አደረጉት። ማሽኑ ደህና ነበር።

ባለቤቴ በመጀመሪያው ውድድር «ዕድል ነው» አለ። በሁለተኛው «ነፋሱ አግዞት ነው» አለ። ከሦስተኛው በኋላ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ።

ክለቡ በአንድ የውድድር ወቅት ውስጥ ተገለበጠ። ያቺን ጠባብ ልብስ ሲለብሱ የኖሩት ሁሉ ተራ በተራ ሱቄ ገቡና «ያስፉልን» አሉኝ። ሰው ሳጠብ ኖሬ ሰው ማስፋት ጀመርኩ። ጨርቅ ነጋዴው ሰርግ የደገስን መስሎት እንኳን ደስ አላችሁ ብሎኛል። ብስክሌቶቹ እየከበዱ ሄዱ፤ ሚዛኔም ወጥ ቤት ተመለሰ። ከውድድር በፊት የተቀቀለ እንቁላል የማይበላ ጠፋ፤ አንዱ እንዲያውም እንቁላል ከልጅነቱ አይስማማውም፣ በላና ግማሽ መንገድ ላይ ወርዶ ቁጥቋጦ ሥር ቀረ። ሲያነሱት «ትንፋሽ አጥሮኝ ነው» አለ። እንቁላሉን ግን አላማም።

ይህን ሁሉ ባለቤቴ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ሊችለው ያልቻለው ግራና ቀኝ ማየቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቁልቁለት ውድድር መነሻው በር ላይ ተወዳዳሪ የሚቆመው ብቻውን ነው። የሚሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር እንጂ ከጎኑ ካለ ሰው ጋር አይደለም፤ አንዱ ከወረደ በኋላ ነው ሌላው የሚለቀቀው። ግራው ገመድ ነው፤ ቀኙም ገመድ ነው። አስጀማሪው ይቆጥራል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ሰዓቱም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ይሮጣል። ሞተረኛው ግን ማሽኑ ሲጮኽ መጀመሪያ ወደ ግራ ያያል፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ ይነሳል። ሌሎቹም አዩት። በሚቀጥለው ውድድር መላው ክለብ አንድ በአንድ እየቆመ ገመድ ሲያይ ዋለ።

ለምን እንደሚያዩ የሚያውቅ አልነበረም፣ ምክንያት ያጣ ግን የለም። አንዱ አንገት ያፍታታል አለ። ሌላው የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ነው አለ። የጥርስ ሐኪሙ ሊቀመንበራችን ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ይህ አእምሮን የመሰብሰብ ጥበብ ነው፤ ሳይንስ አለው» ሲል ሁሉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ባለቤቴ «ሰዓት ቆሞ አይጠብቃችሁም እኮ» ቢል አንዱ ከኋላ «ቅናት መጥፎ ነው» ሲል ተሰማ። ሳቁበት። ያን ቀን ቤት ሲመጣ ፊቱን አይቼ ቆሽቴ አረረ፤ ሰውዬው ሲያደርቀኝ የሚኖር ቢሆንም የሚያደርቀኝ ባሌ ነው፣ መሳቂያ አይደለም።

ልጄ ሱቅ መጥታ በሩን ዘጋች። «እማዬ፣ ሱሪ ስፊልኝ» አለች።

«ምን ዓይነት?»

«ታውቂያለሽ።»

አውቄያለሁ። ሰፋሁላት። እናት ነኝ፣ ሰፊም ነኝ፤ ከሁለቱ በአንዱ እምቢ ብል ይሻል ነበር ይሆናል። አባቷ ሱሪውን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲያየው «ወይ ይኼ ሱሪ፣ ወይ እኔ» አላት። እሷም በአባቷ የወጣች ናት፤ ሱሪውን ከገመዱ አውርዳ አጣጥፋ ይዛ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ያው ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ክንድ ተራርቀው ተቀምጠው፣ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ለልጅሽ ንገሪያት» ይላል ዳቦውን እየቆረሰ፤ «ገመድ ለማየት ተራራ መውጣት አያስፈልጋትም፤ ጓሮ የልብስ ማስጫ አለን።»

«ለአባዬ ንገሪው፤ ዘመኑ አልፏል።»

«ዘመኔ ካለፈ ከእኔ የወሰደችውን ፍሬን አያያዝ ትመልስልኝ በያት።»

«መልሼለታለሁ በይው። አሁን ሌላ ተምሬያለሁ።»

እኔ መሀል ተቀምጬ ማንኪያዬን ይዤ የማንን እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። አንዳንዴ አንዳቸው የተናገሩትን አልደግምም ስል፣ ሌላኛው የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ይጠብቀኛል። ከሰዓት በኋላ ብስክሌቷ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ ሰውዬው ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ተመልሶ ይቀመጥና «ደርሳለች?» ብሎ ይጠይቀኛል። በዓይኑ አይቷታል እኮ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ፤ ለሰው ምንም አልነገርኩም እንጂ ቤቴ የፈረሰ ያህል ነው የተሰማኝ።

ኮሚቴው ደግሞ በላዩ ጨመረበት። አሠልጣኝነቱን ለሞተረኛው ሰጥቶ፣ ባለቤቴን የመነሻው በር አስጀማሪ አደረገው። ሊቀመንበሩ እጁን ጨብጦ «ክብር ነው፤ ያለ እርስዎ ማንም አይነሳም» አለው። እውነቱን ነው፤ ክብር ነው። ገመድ የሚያዩትን ከማንም ቀድሞ፣ ከቅርብ ሆኖ ማየት።

ክለቦች ሁሉ ለሚገናኙበት ታላቅ ውድድር ከክለባችን በማጣሪያ አንዲት ሴት ብቻ ነበር የምትላከው። ወይ ልጄ ናት፣ ወይ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት። ሁለቱ የሚበላለጡት በዓይን ጥቅሻ ነው። ለልጄ ከዚህ የበለጠ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። ለእኔ ግን ብታሸንፍም ባታሸንፍም ከአባቷ ጋር ስለ ፍሬን እየተከራከረች ቁርስ ብትበላ ይበቃኝ ነበር።

የማጣሪያው ውድድር ሲቃረብ ሞተረኛው ሱቄ መጣ። ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ያቺን ጠባቧን ይስፉልኝ» አለ።

«የቷን?»

«የባለቤትዎን። ነፋሱ ሱሪዬን ይይዘዋል፤ መንገዱ ለጥ ያለበት ጋ ስደርስ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ልክ ናቸው እሳቸው።»

«ሂድና ለእሱ ንገረዋ።»

«እፈራቸዋለሁ» አለ። ያን የሚያህል ሰው።

ሰንደቅ የሚያህለውን አካሉን በሜትር ስለካ ሁሉን ነገር ጠየቅሁት፤ የሚለካ ሰው መሸሻ የለውም። «ለመሆኑ መነሻው ላይ ግራና ቀኝ የምታየው ምኑን ነው?» አልኩት።

«እኔ? አያለሁ እንዴ?»

«መላው ክለብ ያያል እንጂ።»

«ልጆቹማ ያያሉ፤ እዚህ ያገኘሁት ወግ ነው ብዬ ነው እኔማ።» ትንሽ አሰበ። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፣ ራሱን ያዘው። «ወይኔ። የሞተር ነው እኮ። ሞተር ላይ ሁላችንም ተደርድረን ነው የምንነሳው፤ የጎንህ ሰው መሪውን ካስቀደመ አለቀልህ። እሱን ለማየት ነው።» ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እስኪያነባ ሳቀ። የሰካሁበት ስፒል ሁሉ ተነቀለ።

የማከብረው ሰው ነው፤ በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቦ «ተዉት፣ ልማድ ነው፣ ምንም ትርጉም የለውም» ብሏቸዋል። እነሱም ተያዩና በአድናቆት ፈገግ አሉ። ትሕትናው ነው አሉ። አንዱ «ትልቅ ሰው ምስጢሩን እንዲህ ነው የሚደብቀው» ብሎ ከበፊቱ አስረዝሞ ማየት ጀመረ።

እኔም ለልጄ ነገርኳት። ጫማዋን እያሰረች ነበር፤ ቀና ሳትል «እሺ» አለችኝ። እሺ ያለችኝን ሁሉ ብታደርግ ኖሮ ቤቴ ገነት በሆነ ነበር። ለባለቤቴም ነገርኩት። «እንግዲህ ልጄ ቦታዋን ለሰው ሞተር ልማድ ልትለቅ ነው» አለ።

የማጣሪያው ቀን መርፌና ክሬን ይዤ መነሻው በር ጎን ካለው ድንኳን ነበርኩ፤ ሁልጊዜ የሚቀደድ ነገር አይጠፋም። ባለቤቴ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራውን በብብቱ ይዞ በሩ ግራ ቆሟል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አስጀማሪ ከቁጥር በቀር ለተወዳዳሪ ቃል አይናገርም። መነሻው ላይ ሰው የነካው ተወዳዳሪ ደግሞ ቀይ ባንዲራ ይነሳበትና ይሰረዛል። ይህን ደንብ ያወጣው ሌላ ማንም ሳይሆን ባለቤቴ ነው፤ ድሮ አንድ አባት ልጁን ከኋላ ገፍቶ ሲያስነሳ አይቶ።

መጀመሪያ ሞተረኛው ወጣ። ያቺን ጠባቧን ለብሶ። መላው ክለብ ምላሱን ዋጠ። ባለቤቴ ስፌቱን አወቀው፣ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ክር ወደ መርፌ ማስገባት ያዝኩ። ሞተረኛው ገመድም ሰውም ሳያይ ወረደ። ገና ታች ሳይደርስ ሁለት ጎረምሶች ድንኳኔ ገብተው «እትዬ፣ ይቺን ሱሪ ቶሎ ማጥበብ ይቻላል?» አሉኝ። አይቻልም አልኳቸው። ሄደው በፕላስተር ጠቀለሉት፤ ግራና ቀኝ ማየቱን ግን አልተዉም።

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ቀረበች። ማሽኑ ጮኸ። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ወረደች። ጥሩ ወረደች።

ከዚያ ልጄ መጣች። ሰፊ ሱሪዋን ለብሳ ጎማዋን መስመሩ ላይ አቆመች። አባቷ ከስንት ወር በኋላ በቀጥታ ለእሷ ቃል ሊያወጣ ነው፤ ቃሉም ቁጥር ነው። «አምስት» አለ። «አራት» አለ። ሦስት ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ እኔ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። «ሁለት» በሹክሹክታ ወጣ። «አንድ» ሲል ልጄ አንገቷ ወደ ግራ መዞር ጀመረ።

ሰውዬው ባንዲራዎቹን ለቀቀ። ሄልሜቷን በሁለት እጁ ያዘና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰው። ማሽኑ ጮኸ፤ ልጄ ተወረወረች።

ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። በሩ ላይ አብሮት የቆመው ዳኛ እንቁላል እየላጠ፣ ተራ የሚጠብቁትም ሱሪያቸውን በፕላስተር እየጠቀለሉ ነበር። ከታች በድምፅ ማጉያው ሰዓቷ ሲነገር ሕዝቡ አጨበጨበ፤ በዚህ ኮረብታ ላይ ሴት እንደዚያ ወርዳ አታውቅም፤ ከወንዶቹም የሚበዙትን ቀድማለች። ሮጬ ባለቤቴ ጋ ሄድኩ። እጆቹን እያየ ቆሟል።

«ማንም አላየም» አልኩት።

«እኔ አይቻለሁ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከመሬት ቀዩን ባንዲራ አነሳና ከፍ አደረገው።

መርፌውን ልሰካበት ምንም አልቀረኝም።

ልጄ ቤት የመጣችው ከእኛ በኋላ ነው። ሄልሜቷን ወንበር ላይ ወረወረችው። እሱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር። እኔ መሀላቸው ቆሜ «በይው»ና «በያት»ን ለመቀበል ተዘጋጀሁ። አልፋኝ ሄደች።

«ማንም አላየም ነበር እኮ» አለችው።

«ደንብ ደንብ ነው።»

«ደንብህን አውቃለሁ፤ በደንብህ ነው ያደግሁት። ለምን ነካኸኝ?»

«ገመድ ልታዪ ስለነበረ። ባልይዝሽ ግራ ብለሽ፣ ቀኝ ብለሽ፣ ያቺ ልጅ ትበልጥሽ ነበር።»

«ትቼዋለሁ!»

«ምኑን?»

«ማየቱን። እማዬ የነገረችኝ ቀን ተውኩት። አንተ አታናግረኝም እንጂ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዞርሽ?»

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። «ድምፅህ ተንቀጠቀጠ» አለች። «ሦስት ስትል። ያመመህ መስሎኝ ነው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ፤ «ንገሪያት» ሊለኝ አፉን ከፈተ። ምን እንድነግራት እንደፈለገ እሱም አያውቅም። ሳህኖቹን አነሳሁና ጀርባዬን ሰጠሁት። ከዚህ በኋላ የማንም መልእክት አላደርስም ብዬ ቆርጬ ነበር።

በመጨረሻ ራሱ ወደ እሷ ዞሮ «አላመመኝም» አለ።

«አሁን አይቼሃለሁ።»

«የኋላ ፍሬንሽ ይጮኻል። ስትወርጂ እስከ ታች ይሰማ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለምን አላስተካከልሽውም?»

«የሚያስተካክልልኝ አኩርፎ።»

ተነስቶ ወደ ጋራዡ ሄደ። እሷም ተከተለችው። ብዙም ሳይቆይ ጭቅጭቃቸው ግድግዳውን አልፎ መጣ፤ እሱ ሽቦው ላልቷል ይላል፣ እሷ ሽቦው ሳይሆን ላስቲኩ ነው ትላለች፤ አንዳቸውም አይሸነፉም። ለታላቁ ውድድር የተላከችው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት። ልጄ ያን ዓመት ቤት ቀረች፤ ዕድሉም እንደገና አልመጣላትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ እነሱን እያዳመጥኩ እራቴን በላሁ፤ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ እራት አላስታውስም።